የ1501ዱን ቨርጂል ለምትመረምሩ ወጣቶች

በጥንታዊ መጻሕፍት ሥራ ለመሰማራት የምታስቡ ወጣቶች ከምን እንጀምር ትሉኛላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ቀጥታ ዋጋ ነው የምትጠይቁት። ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚሁ ሥራ ነውና ለሁላችሁም የምሰጠው አንድ መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1501 ቬኒስ ላይ የታተመው የጥንታዊው ሮማዊ ገጣሚ የቨርጂል የላቲን ግጥም። እሱን በትክክል የመረመረ ሌላው ብዙም አይከብደውም።

አታሚው አልዱስ ማኑቲየስ ነው። ቨርጂልን መጀመሪያ ያተመው ግን እሱ አይደለም። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት ስዋይንሃይምና ፓናርትዝ የሚባሉ ሁለት ጀርመኖች ሮም ላይ በትልቅ ቅርጽ አትመውታል። ያኔ ግጥም ብዙውን ጊዜ ዙሪያውን በሐተታ ተከብቦ፣ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ነበር የሚነበበው። አልዱስ ሐተታውን አወጣና ግጥሙን ብቻ በአንድ እጅ በሚያዝ መጠን አተመ። ዳዊቱን በማኅደር አንግቶ የሚሄድ ሰው እያየ ላደገ፣ የዚህ ጥቅም ማብራሪያ አያሻውም።

ፊደሉም አዲስ ነበር። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ኢታሊክ የምትሉት ጋደል ያለ ፊደል ሙሉ መጽሐፍ የታተመበት ያን ጊዜ ነው። የቀረጸው የቦሎኛው ፍራንቼስኮ ግሪፎ ነው። አልዱስ እዚያው መጽሐፍ ላይ በሦስት መስመር ግጥም እጁን አመስግኖታል። ብዙም ሳይቆዩ ተጣሉ። ግሪፎ ፋኖ ወደምትባል ከተማ ሄዶ ከአይሁዳዊው አታሚ ከጌርሾም ሶንቺኖ ጋር ሠራ። ሶንቺኖም በ1503 ባወጣው መጽሐፍ የፊደሉ ፈጣሪ ግሪፎ መሆኑን በግልጽ ጻፈ። በፊደሉ በብቸኝነት የመጠቀም መብት ከቬኒስ መንግሥት ያገኘው ግን አልዱስ ነው። እኔ በዚህ ጠብ ከግሪፎ ጎን ነኝ።

መጽሐፎቹ ሲወደዱ ፈረንሳይ፣ ሊዮን ያሉ አታሚዎች ቶሎ ነቁ። መጠኑንም ፊደሉንም አስመስለው ማተም ጀመሩ። ቨርጂል፣ ሆራስ፣ ጁቬናል፣ ማርሻል፣ ምኑ ቅጡ። የአታሚ ስም የለ፣ ከተማ የለ፣ ዓመት የለ። ባጭሩ ፎርጅድ። የቬኒስ መብት ደግሞ ሊዮን ላይ አይሠራም።

አልዱስ ተናደደ። በ1503 መጋቢት ላይ ማስጠንቀቂያ አትሞ አወጣ። ወረቀቱ ርካሽ ነው፣ ሽታው ደስ አይልም አለ። ፊደሎቹ የፈረንሳይ መልክ አላቸው፣ ተነባቢዎቹም ከአናባቢዎቹ ጋር አይያያዙም አለ። ቀጠለና በየትኛው መጽሐፍ የትኛው ቃል እንደተሳሳተ ዘረዘረ። የሊዮን ሰዎች ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ዝርዝሩን ይዘው ስህተታቸውን አረሙና እንደገና አተሙ! አራሚ በነፃ አገኙ። እኔ እስካሁን ያስቀኛል፤ አልዱስ ግን የሳቀ አይመስለኝም።

እናም መጽሐፉ እጃችሁ ሲገባ በቆዳ ሽፋኑ አትደነቁ። ሽፋን በየዘመኑ ይቀየራል። መጀመሪያ መጨረሻውን ግለጡ። ቬኒስ፣ አልዱስ፣ ሚያዝያ 1501 የሚለው እዚያ ነው። ከሌለ ወይ ገጹ ወድቋል፣ ወይ ሊዮን ደርሳችኋል። ዶልፊንና መልህቅ ያለበትን የአልዱስን ዓርማ ግን እዚህ አትፈልጉ። እሱ በመጽሐፎቹ ላይ መታየት የጀመረው በ1502 ነው። እዚህኛው ላይ ካገኛችሁት ሰው ነካክቶታል።

ከዚያ ቅጠሎቹን፣ ማለትም ፊትና ጀርባ ገጽ ያላቸውን ሉኮች፣ አንድ በአንድ ቁጠሩ። ከገጹ ግርጌ ያሉት ትናንሽ ፊደላት ቅደም ተከተሉን ይነግሯችኋል። ቅጠሉን ብርሃን ላይ ያዙት። ትልቁ ወረቀት ሦስት ጊዜ ታጥፎ 8 ቅጠል ስለሚወጣው፣ ወረቀቱ ሲሠራ ከወንፊቱ ውስጡ የቀሩት ራቅ ራቅ ያሉ መስመሮች ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። የወረቀት ሠሪው ምልክት ደግሞ በስፌቱ በኩል፣ ከላይ ጥግ ላይ ተቆርጦ ይታያል። የአንዱ ቅጠል መስመር አግድም ከሆነ ጠርጥሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጎደለን ገጽ አስመስሎ ማስሞላት የተለመደ ነበር።

ስለ ዋጋ ለጠየቃችሁኝ፦ ዕድሜ ብቻውን ገንዘብ አይሆንም። እስከ 1500 የታተሙት ኢንኩናቡላ ይባላሉ። ይህ በአንድ ዓመት አምልጦታል፤ ግን ከብዙዎቹ ይበልጥ ይፈለጋል። ጥቂት ቅጂዎች በብራና ታትመዋል፤ እነሱ ሌላ ዓለም ናቸው። የሊዮኑን ፎርጅድ ሳይቀር ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ዛሬ ይሰበስቡታል።

ለእኛ ቅርብ የሆነም አለ። በ1513 ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ሮም ላይ የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት አሳተመ። በግዕዝ ፊደል የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ ነው። ቋንቋውን የተማረው እዚያው ሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ነው፣ ግን የከለዳውያን ቋንቋ ነው ብሎ አረፈው። የፖትከንን ስም ብዙ ሰው ያውቃል። የእኛን ፊደል በብረት የቀረጸውስ ማን ነበር? ከእናንተ አንዱ ይህን ቢከታተል ደስ ይለኛል።

ለመለማመድ ገንዘብ አያስፈልግም። የአልዱስና የሊዮን ቅጂዎች ፎቶ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። አንዱን ገጽ ጎን ለጎን ክፈቱና ያያችሁትን ልዩነት ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉ። የአልዱስን ማስጠንቀቂያ አንብባችሁ ያመለጣችሁን የምታዩት ከዚያ በኋላ ነው።