ጳጳስ ያሰረ ንጉሥ ጀግና ይባላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? እዚሁ አዳማ ባጃጅ እነዳለሁ። የኋላ መስታወቴ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስን ምስል ለጥፌአለሁ፣ ከጎናቸው እመቤታችን አለች። ባለፈው አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወንድም "ጳጳስ ያሰረ፣ ቤተ ክርስቲያን የዘረፈ፣ ራሱን የገደለ ሰው ትለጥፋለህ?" ብሎ ተቆጣኝ። ላንሣው ወይስ ልተወው? ለነፍሳቸውስ መጸለይ ይቻላል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወንድሜ። ያ ልጅ የተናገረው ሦስቱም እውነት ነው። ታሪኩን ግን ያነበበው ከመጨረሻው ነው።

ካሳ ኃይሉ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ ሲነሡ የቤተ ክርስቲያን ጠላት አልነበሩም። በ1846 ዓ.ም. በአምባጫራ ጉባኤ የሦስት ልደት ትምህርት (ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው የሚለው) ሲወገዝ ከጳጳሱ ከአቡነ ሰላማ ጎን የቆሙት እሳቸው ናቸው። በየካቲት 1847 ደረስጌ ማርያም ላይ ቀብተው ያነገሧቸውም እኚሁ ጳጳስ ናቸው። እንግዲህ ተጠቃቅመዋል።

ጠቡን ያመጣው መሬት ነው። ንጉሡ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራዊት ፈለጉ። ግብር የማይከፈልበት የሰሞን መሬት፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን መሬት፣ ደግሞ ሰፊ ነበር። ስለዚህ "ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፤ የተረፈው መሬት ለገበሬ ተሰጥቶ ይገብር" የሚል ሐሳብ አመጡ። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር እንዲያው ከጭንቅላታቸው ያወጡት ይመስለዋል። ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፣ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን። ንጉሡ መቅደሱን ልዝጋ አላሉም። እኔ በዚህ ሐሳብ ውስጥ ኑፋቄ አላየሁም።

ጉድለት ግን አለበት። ድጓውን፣ ቅኔውን፣ መጻሕፍቱን የሚያስተምሩት መሪጌቶች ከአምስቱ ውስጥ የሉም። የሰሞን መሬት ቀዳሹን ብቻ ሳይሆን ጉባኤ ቤቱንም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ቤት፣ ያበላ ነበር። እሱ ሲነካ ትምህርቱም ይራባል። ካህናቱ የተሟገቱት ለጉባኤ ቤቱ ብቻ ነው ብዬ ደግሞ አልሸፋፍንልህም። መሬት ይጣፍጣል።

መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ኢዮአስ የሚባል ንጉሥ አለ። በነገሠ በሃያ ሦስተኛው ዓመት እንኳ ካህናቱ ገንዘቡን እየተቀበሉ ቤተ መቅደሱን አላደሱም ነበር። ጠርቶ ጠየቃቸው፤ ከዚያ በኋላ ገንዘቡ በሣጥን ተሰብስቦ ለአናጢና ለግንበኛ ተከፈለ (2ኛ ነገሥት 12)። መልካም አደረገ። ያው ኢዮአስ ኋላ የገሠጸውን ዘካርያስን፣ የባለውለታውን የካህኑን የዮዳሄን ልጅ፣ በቤተ መቅደሱ አደባባይ አስወገረው (2ኛ ዜና መዋዕል 24)። መጽሐፍ ሁለቱንም ጽፎልናል። በደሙ ምክንያት ሣጥኑን አልነቀፈም፤ ስለ ሣጥኑ ብሎም ደሙን አልሸፈነም። ዐፄ ቴዎድሮስንም በዚህ ዓይን ነው የማያቸው።

ምክንያቱም ከመሬቱ ክርክር በኋላ ነገሩ ከፋ። በ1849 የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቄርሎስ ሊጠይቁ ቢመጡ፣ ንጉሡ እርሳቸውንም ከአቡነ ሰላማ ጋር ለጥቂት ቀን አገቷቸው። ኋላ መሬቱ ተወሰደ፣ ጳጳሱም መቅደላ ታሰሩ። በ1859 ጎንደር ተቃጠለች፣ አድባራቷም ተዘረፉ። ይህን "ለአንድነት ሲሉ ነው" ብሎ ማለፍ አይቻልም። እንግሊዞች ከመቅደላ በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭነው ስለወሰዱት ንዋያተ ቅድሳትና ብራና ሁላችንም እናዝናለን፣ ልክ ነው። ግን ብዙውን መጀመሪያ ከጎንደር ያወጡት የራሳችን ንጉሥ ናቸው። ይህ ሲባል ግን ብዙ አልሰማም።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ምስላቸውን መለጠፍ ኃጢአት አይደለም። ሰው የሚወደውን ንጉሥ ምስል መያዙ አምልኮ አይሆንም። የሥዕለ አድኅኖ፣ የቅዱሳት ሥዕላት፣ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ ከሰው ፎቶ ጋር አይደረደርም። የባጃጅ የኋላ መስታወትማ ክረምት ሲገባ ጭቃ በጭቃ ነው! እመቤታችንን ቤትህ፣ የጸሎት ቦታህ ላይ አድርጋት።

ስለ አሟሟታቸው፣ ሆን ብሎ ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግ ሥርዓታችን የታወቀ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860፣ በፋሲካ ማግስት፣ ሽጉጡን ወደ ራሳቸው ሲያዞሩ ልባቸው ውስጥ የነበረውን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። በግል ጸሎትህ "አቤቱ ማራቸው" ብትል ማንም አይከለክልህም። ስማቸውን ለቅዳሴ ከማስጻፍህ በፊት ግን የንስሐ አባትህን አማክር። ስትጸልይ አቡነ ሰላማንም አስብልኝ፤ እሳቸውም በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ እንደታሰሩ መቅደላ ላይ ነው ያረፉት።