መኪና ግርግርን በመርፌ

ልጆቼ፣

ሠላሳ ዓመት ባልትና አስተምሬ ጡረታ ስወጣ ለራሴ አንድ ትልቅ ጥልፍ ጀመርኩ። የጠለፍኩት ሐረርን ነው፤ መኪና ግርግርን። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ውስጥ ስትገቡ ልብስ ሰፊዎች ሲንገራቸውን ግራና ቀኝ ደርድረው የሚሰፉበት ጠባብ መንገድ ነው። ስሙንም ያወጣለት የስፌት መኪናው ድምፅ ነው።

ብዙዎቻችሁ አሁን ክሮስ ስቲች፣ ካሬ እየቆጠሩ በመስቀል ቅርጽ የሚጠለፈውን ጥልፍ፣ ጀምራችኋል። ደስ ይለኛል። ግን እጃችሁ ላይ የማየው ሁሉ ንድፉ ከነክሩ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ፓሪስና ቬኒስ ነው። እጅ ለማፍታታት ጥሩ ነው። ሆኖም ሄዳችሁ የማታዩትን ከተማ ስትጠልፉ ንድፉ ቢሳሳት በምን ታውቃላችሁ? እባካችሁ፣ እግራችሁ የሚያውቀውን ሰፈር ጥለፉ።

እኔ ፎቶ አንስቼ ልጄ በኮምፒውተር ወደ ንድፍ ቀየረችልኝ። ወርዱ 280፣ ቁመቱ 200 ካሬ ሆነ። በየካሬው አንድ መስቀል ስለሚሰፋ 56,000 መስቀል ማለት ነው። በአንድ ኢንች 14 ካሬ ባለው፣ አይዳ በሚባለው የጥልፍ ጨርቅ ላይ ወርዱ 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል። በሰዓት 100 ብትሰፉ 560 ሰዓት ይፈጃል። ይህን አስቀድማችሁ እወቁት።

ኮምፒውተሩ የነጩን ግድግዳ ጥላ በሙሉ ግራጫ አደረገው። አምኜ ሁለት ሳምንት ሰፋሁ። ግድግዳው ሲሚንቶ መሰለ። አንጀቴ እርር ቢል አንድ ጠዋት ከድሬዳዋ በሚኒባስ ወጣሁና ግድግዳው ሥር ቆሜ አየሁት። ግራጫ የሚባል ነገር የለም። ፊት ለፊቱ ያለው ግድግዳ አረንጓዴ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ብርሃኑ ተመልሶ ነጩ ላይ ይወድቃል። ጥላው ራሱ አረንጓዴ ነበር። ታች ደግሞ የአላፊ አግዳሚው ትከሻና ሸክም የሚነካው ቦታ ላይ ኖራው ተፍቆ አፈሩ ይታያል። ቤቴ ተመልሼ ግራጫውን ሁሉ ፈታሁት። በሦስት ዓይነት ፈዛዛ አረንጓዴ ሠራሁት፤ ከሥሩ የአፈር ቀለም ጨመርኩበት።

የሐረርን ግንብ ጀጎልን አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሳጠሩት፤ ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. መዘገበው። በሮቹን ፎቶ የማያነሳ የለም። ለጥልፍ ግን በር አልመክርም። ድንጋይ ብቻ ስትሰፉ ትሰለቻላችሁ። ሰው የሚሠራበት መንገድ ይሻላል።

ጠባብ መንገድ ግን ቆጠራ ይፈልጋል። ሁለቱ ጠርዞች ወደ ውስጥ እየጠበቡ ስለሚሄዱ አንድ ካሬ ብትዘሉ መጨረሻ ላይ አይገጥሙም። እኔ በግራ በኩል አንዷን ዘለልኩ። ያወቅኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። «ማን ያየዋል?» ብዬ ላልፈው ነበር፤ ዓይኔ ግን ሌላ ነገር ማየት አቆመ። ፈታሁት። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ጨርቁን በየ10 ካሬው በቀጭን ክር አስምሩ። ስትጨርሱ መዛችሁ ታወጡታላችሁ። የመስቀሉ የላይኛው ስፌት ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጋደም፤ አለዚያ ብርሃን ሲነካው ግድግዳው ይዥጎረጎራል። ከጥልፍ ክሩ ስድስት ፈትል ሁለቱን ብቻ ተጠቀሙ። ክሩንም ባንዴ ግዙ፤ የቀለም ቁጥሩ አንድ ሆኖ ቀለሙ ከጊዜ ጊዜ ይለያያል።

ልብስ ሰፊዎቹ ጥልፌ ላይ ቁመታቸው 11 ካሬ ነው። ፊታቸው ሁለት መስቀል ብቻ ነው፤ ዓይን የለውም። ስጨርስ ጠቅልዬ ወሰድኩላቸው። መኪናቸውን አቁመው ተሰበሰቡ። አንዱ ከማዕዘኑ ጀምሮ ሱቆቹን በጣቱ ቆጠረና ቀዩ ጨርቅ ያለበት ላይ ቆመ። ያ ጨርቅ አራት መስቀል ነው።

«እማማ፣» አለኝ፣ «ይቺ ሦስተኛዋ መኪና የእኔ ናት።»