ዋልያን ባሌ አሳይሃለሁ ለሚልህ ቀብድ አትስጥ

ወንድሜ፣ «በግማሽ ዓመቱ እረፍት ልጆቼን ይዤ ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ላሳያቸው ፈልጌ ነበር። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ሦስቱንም ባሌ ታያላችሁ ብሎኛል። ቀብድ ልክፈል?» ብለህ ጠይቀሃል። አትክፈል። የእኛም ነገር እንዲሁ ነው የተጀመረው። ያለፍንበትን ልንገርህ።

1. ዋልያ ባሌ የለም። ዋልያ በዓለም ላይ የሚኖረው ሰሜን ተራሮች ላይ ብቻ ነው። ባሌ በደቡብ ምሥራቅ፣ ሰሜን ተራሮች ከጎንደር ወዲያ፤ መሃላቸው ስንት አገር አለ። እኛን ያስተናገደችን የአስጎብኚ ድርጅት ሠራተኛ ግን ስልኳ ላይ ገደል አፋፍ የቆመ ዋልያ አሳየችንና «ይሄ ባሌ ነው» አለች። ትልቋ ልጄ «ዋልያ ሰሜን አይደለም እንዴ?» ብትላት፣ «አንቺ በመጽሐፍ ነው የምታውቂው፣ እኛ ቦታውን ረግጠነዋል» ብላ አፏን አስያዘቻት። አንብባ የመጣችን ልጅ እንዲህ ያሸማቅቃሉ? ልክ የነበረችው ልጄ ናት፣ እስከ ዛሬም እኮራባታለሁ። የባሌ ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ ደርሰን የፓርኩን ስካውት፣ ማለትም ጠባቂውን፣ ስለ ዋልያ ስንጠይቀው አዝኖልን ነው የመለሰልን።

ስንመለስ ቢሯቸው ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የዱር እንስሳ ቀጠሮ የለውም፤ አልታይ ካለ እኛ ምን እናድርግ?» አለኝ። እንስሳ አልታይ ማለቱና ጭራሽ እዚያ አለመኖሩ አንድ ነው እንዴ? ጉም ወርዶ፣ ዝናብ ጥሎ አጋዘኑ ቢሰወርብኝ ማንንም አልወቅስም። የሌለ እንስሳ መሸጥ ግን ማጭበርበር ነው። ገንዘቡም አልተመለሰም። ስለዚህ ከማንም ጋር ብትዋዋል የእንስሳውን ስምና የቦታውን ስም ውሉ ላይ አስጽፍ። «ብርቅዬ እንስሳት» የምትል ቃል ብቻ ካለች አትፈርም።

2. እንስሳውን አስቀድም፣ ፓርኩ ይከተላል። እንስሳው የሚኖረው ምግቡ ያለበት ቦታ ነው። ቀይ ቀበሮን ውሰድ። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለ ውርጭ አገር የሚኖረው አይጥና ፍልፈሉ እዚያ ስለሚበዛለት ነው። በአገራችን የቀረው 500 አካባቢ ነው፣ ሌላ አገር ደግሞ የለም። ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። ሰሜን ተራሮችም አለ፣ ግን እዚያ ጥቂት ስለሆነ ለልጆች ተስፋ አትስጥ። ለቀይ ቀበሮ ባሌ፣ ባሌ ውስጥም ሳነቴ የሚባለው ከፍተኛ አምባ።

3. ሳነቴ በሌሊት መውጣት አያስፈልግም። እኛን በጨለማ አስነስተው ልጆቹን በብርድ አንቀጠቀጡብን። ቀይ ቀበሮ ቀን ነው የሚያድነው፣ አይጦቹም ከጉድጓድ የሚወጡት ቀን ነው። ፀሐይ ሞቅ ሲያደርግ ድረስ፣ በቂ ነው። ቦታው 4,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ልጆቹ ይሩጡ አትበል፣ ራስ ምታት ይመጣል።

ደግሞ ቀበሮውን አትፈልግ፣ ፍልፈሉን ፈልግ። ይህን ያስተማረን ያው ስካውት ነው። የባሌ ትልቁ ፍልፈል ዓይኖቹ አናቱ ላይ ናቸው። ከጉድጓዱ ብቅ ይልና በአፉ የሚደርስበትን ሣር ቶሎ ቶሎ ሰብስቦ ወደ ውስጥ ይጎትታል። አጠገቡ አንዲት ቡናማ ወፍ ትቆማለች። ፍልፈሉ የሚቆፍረው አፈር ነፍሳት ያወጣላታል፣ እሷ ደግሞ አደጋ ስታይ ትጮህለታለች። እኛ ጅብራ ከሚባለው ረጅም የውርጭ አገር ተክል ሥር ተቀምጠን አንዱን ጉድጓድ ስንጠብቅ ቀይ ቀበሮው ከጎን መጣ። ሆዱን መሬት አስነክቶ፣ ጆሮውን ወደፊት ቀስሮ፣ አንድ እግር ያነሳና ባለበት ይደርቃል። ከዚያ ተወረወረ፣ አፈሩን በሁለት እጁ ጫረው፣ አፍንጫውን ቀበረ። ባዶ ነበር። አቧራውን አራግፎ በእኛ በኩል አለፈ፤ ረጃጅም ቀጫጭን እግሮቹ፣ ነጭ አንገቱ፣ ጫፉ የጠቆረ ጅራቱ ሳይቀር በዓይናችን ሞላ። የሚኖረው ከቤተሰቡ ጋር ቢሆንም ለአደን የሚወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነው።

መኪናው አምባው ላይ ቀስ ይበል። ሾፌራችሁ ከፈጠነ ተቆጣው፣ እኔ ተቆጥቻለሁ። ውሻ ይዞ የሚሄድ ካለም ተው በለው። ቀይ ቀበሮን የሚጨርሰው ከቤት ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 እ.ኤ.አ. ባሌ ላይ ብዙ ገድሎበታል።

4. የደጋ አጋዘን ለማየት ዲንሾ እደር። በማለዳ ጥዱና ኮሶው መሃል፣ ወይም ጋይሳይ ሜዳ ላይ ታገኘዋለህ። በ10 ሳንቲማችን ላይ ያለው እንስሳ እሱ ነው፤ ሳንቲሙ ቤት ካለ ይዘህ ሂድና ልጆቹ ያስተያዩት። ቀንዱ የተጠማዘዘው ወንዱ ነው፣ ሴቷ ቀንድ የላትም። በሳይንስ የተመዘገበው በ1910 እ.ኤ.አ. ነው። ያን የሚያህል እንስሳ ተራራው ይዞት ቆይቷል ማለት ነው። ከሳነቴ ወደ ሐረና ጫካ ከወረድክ የባሌ ጦጣም አለች፣ ቀርከሃ ነው የምትበላው። ጫካው ውስጥ አንበሳ ይኖራል፣ ግን እናሳይሃለን የሚልህን አትመን።

5. ጭላዳ አልጠየቅህም፣ ግን ልጆች ከሁሉ በላይ የሚወዱት እሱን ነው። ባሌ ጭላዳም የለም። ጓሳ መንዝ ሂድ። ጭላዳ ሣር በላ ዝንጀሮ ነው። ቂጡ ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ እየነጨ ይንፏቀቃል፣ ሲመሽ ገደል ላይ ያድራል። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሃል ገብቶ አይጥ ያድናል፣ ጭላዳዎቹም ዝም ይሉታል። ተመራማሪዎች ሲቆጥሩ ብቻውን ካደነው ከ4 ሙከራ 1 ይሳካለታል፣ በጭላዳ መሃል ግን ከ3ቱ 2። ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው ሌላ ጥያቄ እስኪነጋ አላቆሙም።

ለዋልያ ደግሞ ለብቻው ሌላ ጉዞ ያዝ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ፣ ከደባርቅ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ወዳለው ጨነቅ ወደሚባል ቦታ። ከመነሳትህ በፊት የመንገዱን ሁኔታ እዚያው የሚኖር ሰው ጠይቅ፣ ከተማ ቢሮ የተቀመጠውን አይደለም። ጨነቅ ደርሰህ ገደሉን ከላይ ወደ ታች በመነጽር ቃኘው፤ የወንዱ ቀንድ ከ1 ሜትር ሊበልጥ ስለሚችል መጀመሪያ የምታየው ቀንዱን ነው። ያ ድርጅት ደግሞ ደጋግሞ ከደወለልህ «ዋልያው የት ፓርክ ነው? በጽሑፍ ላክልኝ» በለው።