የጅዳ አረብኛሽ መነሻ ነው፤ ፉስሃው ግን ይቀርሻል

እህቴ፣ ጥያቄሽ ደርሶኛል። ጅዳ ሰው ቤት 7 ዓመት ሠርተሽ ተመለስሽ፤ ማታ ማታ ተምረሽ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ዲግሪ ያዝሽ። አሁን ዘመናዊ የአረብኛ ሥነ ጽሑፍ ላይ መመራመርና ማስተማር አማረሽ። «አረብኛ እንደ ውሃ ነው የምናገረው፣ ይበቃኛል ወይ?» ብለሻል።

አይበቃሽም። አንቺ የለመድሽው የቤትና የገበያ አነጋገር ነው፤ ልብ ወለዱ የሚጻፈው ግን በአብዛኛው በፉስሃ፣ ማለትም በመደበኛው የጽሑፍ አረብኛ ነው፣ ያውም የአናባቢ ምልክት ሳይደረግበት። ካፍ፣ ታ፣ ባ የሚባሉት ፊደላት ተደርድረው ስታዪ «ከተበ» ማለትም ጻፈ፣ «ኩቲበ» ማለትም ተጻፈ፣ ወይም «ኩቱብ» ማለትም መጻሕፍት ሊሆን ይችላል። የሚለይልሽ ዓረፍተ ነገሩ ነው። ደግነቱ አማርኛ ተናጋሪ ነሽ፣ የቃል ሥር እንዴት እንደሚረባ ጆሮሽ ያውቀዋል። አንገት ላይ የሚታሰረው ክታብ እንኳ ከዚሁ ሥር ነው። ስለዚህ አንድ ዓመት ሙሉ ሰዋስውና ንባብ ላይ ተቀመጪ።

የጅዳው ጆሮሽ ግን ከንቱ አይደለም። ግብፃዊው ደራሲ ነጊብ ማሕፉዝ ገጸ ባሕርያቱን በፉስሃ ያናግራል፤ የአገሩ ልጅ ዩሱፍ ኢድሪስ ደግሞ ንግግሩን ሕዝቡ እንደሚያወራው ይጽፈዋል። እዚህ ላይ ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው ሲደናበር አንቺ ድምፁን ትሰሚያለሽ።

ሥራውን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። ውጭ አገር ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ጊዜ የሚቀጥሩሽ ጀማሪዎችን ቋንቋ እንድታስተምሪም ጭምር ነው፤ የምትወጂው የልብ ወለድ ኮርስ በጎን ይመጣል። ትርጉምንም አትናቂ። የኦማኗ ደራሲ ጆኻ አልሐርሲ በኤድንብራ ዶክትሬቷን ሠርታ በሱልጣን ቃቡስ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ለተተረጎመ ልብ ወለድ የሚሰጠውን የማን ቡከር ኢንተርናሽናል ሽልማት ስታሸንፍ ሽልማቱን የተካፈለችው ተርጓሚዋ ማሪሊን ቡዝ ራሷ የኦክስፎርድ ምሁር ነበረች።

ርዕስ ምረጭልኝ ብለሽኛል። የኤርትራዊው ሐጂ ጃብር ልብ ወለድ «ጥቁር አረፋ» እ.ኤ.አ. በ2018 በአረብኛ ወጥቷል፤ አንድ ኤርትራዊ ጎንደር ላይ ከቤተ እስራኤላውያን ጋር ተቀላቅሎ እስራኤል ሲገባ ያሳያል። ጎንደርን በአረብኛ ተጽፎ፣ አማርኛ በሚያውቅ ዓይን ማንበብ! ይሄ ያንቺ ነው፣ እህቴ፣ ለሌላ አትተዪው። አንዱን ምዕራፍ በአረብኛው አንብቢና 10 ገጽ ጻፊበት። ስኮላርሺፕ ስታመለክቺ ናሙና ጽሑፍ ይጠይቁሻል፣ ያኔ እጅሽ ላይ ይኖራል። ረቂቁን ላኪልኝ፣ ቁጭ ብዬ አነብልሻለሁ።