ሁለቱ ንግሥቶች ተገናኝተው ያውቃሉ? የቱዶሮች ዙፋን፣ ጥያቄና መልስ

ስለ እንግሊዝ ቱዶር ነገሥታት የምትጠይቁት ካለ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ይህን ያህል ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። አብዛኛው የመጣው ፊልም አይተው ግራ ከገባቸው ሰዎች ነው። ደስ ብሎኛል፤ እኔም ወደዚህ ታሪክ የገባሁት በፊልም በኩል ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ዓመታት አልፈዋል። ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በ2018ቱ ፊልም የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥና የስኮትላንዷ ንግሥት ሜሪ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ሊደርቁ በተሰጡ አንሶላዎች መሃል ይገናኛሉ። እውነት ነው?

አይደለም። አንድም ቀን ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም። ሜሪ 19 ዓመት ገደማ በእንግሊዝ ምድር እስረኛ ሆና ስትኖር እንኳ አልተያዩም። በ1562 ለመገናኘት ቀጠሮ ይዘው ነበር። ያኔ ፈረንሳይ ውስጥ በካቶሊኮችና በፕሮቴስታንቶች መካከል ጦርነት ተነሣና ነገሩ ቀረ።

ፊት ለፊት ያቆማቸው የጀርመኑ ደራሲ ሺለር ነው፤ በ1800 መድረክ ላይ በወጣ ቴአትሩ። ከእሱ ኦፔራው ወሰደ፣ ከኦፔራው በኋላ ሲኒማው ተከተለ። የ1971ዱ ፊልም እንዲያውም ሁለት ጊዜ ያገናኛቸዋል። ለምን እንደሚያደርጉት ይገባኛል። ሁለት ትልልቅ ተዋናዮችን ይዞ አንድ ክፍል ውስጥ አለማስገባት ይከብዳል።

እኔን ግን የሚይዘኝ አለመገናኘታቸው ነው። እነዚህ ሴቶች የተዋጉት በወረቀት ነው። በኑዛዜ፣ በሕግ፣ በደብዳቤ፣ በፊርማ። ከዚህ በታች የምመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ዞረው ዞረው አንድ ወረቀት ላይ ይወድቃሉ።

ጥያቄ፦ ሜሪ የምትባለው ስንት ናት? ባየሁት ቁጥር ትምታታብኛለች።

ሦስቱን ለይታችሁ ያዙ። አንደኛዋ የእንግሊዙ ንጉሥ የሄንሪ 8ኛ ታናሽ እህት ናት፤ ዘጠኝ ቀን የነገሠችው የጄን ግሬይ አያት። ሁለተኛዋ የሄንሪ ትልቋ ልጅ ናት፤ ከ1553 እስከ 1558 የነገሠችውና «ደም አፍሳሿ» የተባለችው። ሦስተኛዋ የስኮትላንዷ ሜሪ ስቱዋርት ናት። የእሷ አያት ደግሞ የሄንሪ ታላቅ እህት ማርጋሬት ናት፤ ለስኮትላንድ ንጉሥ የተዳረችው።

ለመምታታቱ ቴሌቪዥንም አስተዋጽኦ አለው። ከ2007 ጀምሮ የታየው ስለ ሄንሪ የተሠራ ተከታታይ ድራማ ሁለቱን እህቶች አንድ ሴት አድርጎ ለፖርቱጋል ንጉሥ ይድራታል። ልብሱ ቢሳሳት፣ ፀጉሩ ቢሳሳት አልፈዋለሁ። ይሄንን ግን ማለፍ አልቻልኩም። ማርጋሬት ስኮትላንድ ካልሄደች ሜሪ ስቱዋርት የምትባል ሰው አትወለድም። ታናሽየዋ ከሌለችም ጄን ግሬይ የለችም። የዙፋኑ ጠብ ግማሹ ተሰረዘ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሄንሪ ወንድ ልጅ ወንድ ልጅ እያለ ያን ሁሉ የፈጀው ለምንድን ነው?

ስለፈራ። አባቱ ዘውዱን ያገኘው በ1485 በጦር ሜዳ ነው። ቤተሰቡ ገና ሥር አልሰደደም። ሴት በራሷ መብት ዘውድ ደፍታ እንግሊዝን ገዝታ አታውቅም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ማቲልዳ የምትባል የንጉሥ ልጅ ሞክራ አገሩ ለዓመታት እርስ በርሱ ተላልቋል።

ጥያቄ፦ ሴቶቹ ልጆቹ ዲቃላ ተብለው ሳለ እንዴት ነገሡ?

በጣም ጥሩ ጥያቄ። ሁለቱም እናቶቻቸው ሲገፉ በሕግ ዲቃላ ተብለዋል። ሄንሪ በ1544 ሌላ ሕግ በፓርላማ አስወጣና ወደ ወራሾቹ ተራ መለሳቸው። መጀመሪያ ወንድ ልጁ ኤድዋርድ፣ ከዚያ ሜሪ፣ ከዚያ ኤልሳቤጥ። ዲቃላነታቸውን ግን አላነሣላቸውም። አልጋው ይገባችኋል፣ ስማችሁ ግን እንዳለ ይቆይ እንደማለት ነው። በኑዛዜው ደግሞ የታላቅ እህቱን የስኮትላንድ ዘር ዘሎ የታናሽ እህቱን ዘር አስቀደመ።

የኋላው መዘዝ ሁሉ እዚህ ጋ ተዘርቷል። ለካቶሊኮች ኤልሳቤጥ ዲቃላ ከሆነች እውነተኛዋ ንግሥት ሜሪ ስቱዋርት ናት። ኤልሳቤጥ በ1558 ስትነግሥ ሜሪ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሆና ፈረንሳይ ነበረች፤ የፈረንሳይ አልጋ ወራሽ ሚስት። የባሏ አባት የእንግሊዝን ዓርማ በምግብ ሳህኖቻቸው ላይ ሳይቀር አስቀረጸላቸው። ያንን ሳህን ኤልሳቤጥ ዕድሜዋን ሙሉ አልረሳችውም።

ጥያቄ፦ ጄን ግሬይ ከየት መጣች? በኤድዋርድና በሜሪ መሃል ዘጠኝ ቀን ነገሠች ይባላል።

ከአንድ ወረቀት መጣች። በጣም የምወደውን ጥያቄ ጠየቃችሁኝ።

ኤድዋርድ 6ኛ በ1553 በ15 ዓመቱ ሞት አፋፍ ላይ ነው። አጥባቂ ፕሮቴስታንት ነው፤ ዙፋኑ ለካቶሊክ እህቱ እንዲያልፍ አይፈልግም። በገዛ እጁ የተተኪዎችን ቅደም ተከተል ይጽፋል። መጀመሪያ የጻፈው ዘውዱ «ለእመቤት ጄን ወንዶች ልጆች» ይለፍ የሚል ነው። ጄን የታናሽ አክስቱ የልጅ ልጅ ናት። ወንድ ልጅ ግን የላትም፤ ያገባችው ገና በዚያው ዓመት ግንቦት ነው። ኤድዋርድ ደግሞ እየሞተ ነው። ስለዚህ አንዲት ፊደል ሰረዘና ከመስመሩ በላይ ሁለት አጫጭር ቃላት ጨመረ። «ለእመቤት ጄንና ለወንዶች ልጆቿ» ሆነ። በአማርኛ ብንጽፈው ለውጡ «ና» እና «ለ» ነው። ያ ወረቀት ዛሬም ለንደን ውስጥ አለ፤ ስርዙም ጭማሪውም ይታያል። ያቺ ጭማሪ የ16 ወይ የ17 ዓመት ልጅ አነገሠች፤ በኋላም ገደለቻት።

ጄን ሐምሌ 10 ንግሥት ተባለች፤ ሐምሌ 19 ወረደች። የካቲት 12 ቀን 1554 ተሰየፈች። ዓይኗ በጨርቅ ታስሮ አንገቷን የምታሳርፍበትን ግንድ በእጇ እየዳበሰች አጣችው። «ምን ላድርግ? የት ነው?» አለች። የቆመ ሰው እጇን ይዞ መራት።

በ1986 የተሠራው ፊልም እሷንና ባሏን ጊልድፎርድን የተዋደዱ ጥንዶች ያደርጋቸዋል። ጄን ግን ባሏ ንጉሥ ልሁን ሲል አልፈቀደችለትም፤ መስፍን ላደርግህ እችላለሁ ነው ያለችው።

ጥያቄ፦ «ደም አፍሳሿ ሜሪ» መባሏ ተገቢ ነው ትያለሽ፣ እህቴ?

280 ገደማ ሰው በእምነቱ ምክንያት በእሳት ተቃጥሏል፤ አራት ዓመት ባልሞላ ጊዜ። ይህን የማለሳልስበት አንደበት የለኝም። የሚያሳዝነኝ ግን ስክሪን ላይ ሌላ ነገር አለመኖሯ ነው። የ1998ቱ «ኤልሳቤጥ» ፊልም የሚያሳየን ጨለማ ክፍል ውስጥ የምትቃትት በሽተኛ ብቻ ነው። ይህች ሴት እኮ በ1553 ዋና ከተማውም የመንግሥት አማካሪዎቹም ከጄን ጋር ሆነው ሳለ ወደ ምሥራቅ አውራጃዎች ሄዳ ሰው ሰብስባ ዙፋኗን ያለ ጦርነት ያስመለሰች ናት። ንግሥት እንደ ንጉሥ ሙሉ ሥልጣን አላት የሚል ሕግ በ1554 ያስወጣችውም እሷ ናት። ኤልሳቤጥ 44 ዓመት የገዛችው እህቷ በጠረገችው መንገድ ነው። ያንን ፊልም እስካሁን የሠራ አላየሁም፤ ቢሠራ መጀመሪያ የምገባው እኔ ነኝ።

ጥያቄ፦ ሜሪ እህቷን ለመግደል ሞክራ ነበር?

አሥራታለች። በ1554 መጀመሪያ አመፅ ተነሥቶ ከሸፈ፤ ኤልሳቤጥ እጇ አለበት ተባለ። መጋቢት 17 ሹማምንት መጥተው በጀልባ ወደ ለንደን ታወር እንወስድሻለን አሏት። ሃያ ዓመቷ ነው። እናቷ አን ቦሊን እዚያው ግቢ ተሰይፋለች። ከመሄዴ በፊት ለእህቴ ደብዳቤ ልጻፍ ብላ ለመነች።

ጻፈች። መጀመሪያ የእጅ ጽሑፏ ደርዝ የያዘ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ ይቸኩላል፣ ይሰረዛል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ጥቂት መስመር ብቻ ነው የሞላችው። ከታች ሰፊ ባዶ ቦታ ቀረ። ታዲያ ምን አደረገች? አንድ ሰው እዚያ ባዶ ቦታ ላይ የክህደት ቃል ጨምሮ ቢያስቀፈድደኝስ ብላ ገጹን ከላይ እስከ ታች በሰያፍ መስመሮች አሠመረችው። ግርጌው ላይ አንዲት የመልስ ቃል ብቻ ከአንቺ እለምናለሁ ብላ ፈረመች።

እሷ ስትጽፍ የቴምዝ ውሃ ከፍታው ተለወጠና ጀልባው በድልድዩ ሥር ማለፍ አልቻለም። አንድ ቀን አተረፈች። በማግስቱ የሆሳዕና ዕለት ወሰዷት። ሁለት ወር ገደማ ታሥራ በሕይወት ወጣች። እነዚያን ሰያፍ መስመሮች ሳይ ከየትኛውም ተዋናይት ይልቅ ኤልሳቤጥ የምትቀርበኝ እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ሜሪ ስቱዋርት በስኮትላንድ ዘዬ ታወራ ነበር?

በአምስት ዓመቷ ፈረንሳይ ሄዳ በ18 ዓመቷ ነው የተመለሰችው። የስኮቶቹን ቋንቋ ታውቃለች። ደብዳቤ የምትጽፈው ግን በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ነው። ፊልሙ ላይ የሰማችሁት ዘዬ ለተመልካች ተብሎ የተጨመረ ነው።

ጥያቄ፦ ኤልሳቤጥን ለማስገደል በእውነት አሢራለች ወይስ ተጠመደባት?

ሁለቱም። በ1586 ባቢንግተን የሚባል ወጣት ካቶሊክ ኤልሳቤጥን ገድለን እናነግሥሻለን ብሎ ጻፈላት። ደብዳቤዎቹ በምስጢር ፊደል ተጽፈው በቢራ በርሜል መድፈኛ ውስጥ ነበር የሚገቡትና የሚወጡት። ሜሪ መንገዱ የተሠወረ መስሏታል። መንገዱን ያዘጋጀው ግን የኤልሳቤጥ የስለላ ሹም ዋልሲንግሃም ነው፤ እያንዳንዱ ወረቀት ተፈትቶ ይነበባል። ሜሪ ሐሳቡን ተቀብላ ስትመልስ ፊደሉን የሚፈታው ሰው ቅጂው ላይ የመስቀያ እንጨት ሣለበት። ከዚያም የገዳዮቹን ስም ጻፍልኝ የሚል ሐሰተኛ ጭማሪ ግርጌው ላይ ቀጠለበት። ኤልሳቤጥ በ1554 ባዶ ቦታዋን ያሠመረችው ልክ ይህንን ፈርታ ነበር። ሜሪ አላሠመረችም።

እኔ ጥፋተኛ ናት እላለሁ። ግን 18 ዓመት ያለ ፍርድ የታሠረ ሰው መውጫ ቢፈልግ አልፈርድበትም።

ወረቀቶቿ ገና አላለቁም። በ2023 ሦስት ተመራማሪዎች ፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የማን እንደሆኑ ሳይታወቁ የቆዩ 57 የምስጢር ደብዳቤዎቿን ፈትተዋል።

ጥያቄ፦ ስትሰየፍ ቀይ ልብስ ለብሳ ነበር የሚባለውስ?

እውነት ነው። የካቲት 8 ቀን 1587 ጥቁሩን የላይ ልብሷን ሲያወልቁላት ከውስጥ ቀይ ለብሳ ነበር፤ ለካቶሊክ የሰማዕት ቀለም ነው። ሰያፊው በአንድ ምት አልጨረሰም። ጭንቅላቷን ሊያነሣ ሲል ዊጉ እጁ ላይ ቀረ። ከቀሚሷ ሥር ትንሽ ውሻዋ ወጣች። ሌሊቱን በ8 ሰዓት፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር፣ ለፈረንሳይ ንጉሥ የመጨረሻ ደብዳቤዋን ጽፋ ነበር።

ሲኒማ ገና እንደተወለደ የያዘው ይህንኑ ነው። በ1895 የኤዲሰን ኩባንያ 18 ሴኮንድ ያህል የሚሆን የሜሪን መሰየፍ ቀረጸ። ካሜራውን አቁመው ሜሪን የሚጫወተውን ሰው በአሻንጉሊት ተኩ፤ ከዚያ ቀጠሉ።

ጥያቄ፦ ከተዋናዮቹ የምትመርጪው ማንን ነው?

ግሌንዳ ጃክሰንን፣ ሳላመነታ። በ1971 በቢቢሲ ተከታታይ ድራማም በፊልምም ኤልሳቤጥን ሠርታለች። በዝምታዋ ውስጥ ስታስብ ይታያል። ኬት ብላንሼትም ግሩም ናት፤ በአንዲት ኤልሳቤጥ በሁለት ፊልም ሁለት ጊዜ ለኦስካር ታጭታለች። ብቻ የ1998ቱ ፊልም መጨረሻ እንዳያሳስታችሁ። ፊልሙ ንግሥቲቱን ገና በወጣትነቷ ፊቷን ነጭ ቀብቶ ከእንግሊዝ ጋር ተጋብቻለሁ ያሰኛታል፤ በእውነቱ ግን የጋብቻ ድርድሩ እስከ 1580ዎቹ መጀመሪያ ቀጥሏል።

ጥያቄ፦ በመጨረሻ ማን ወረሰ? የት ተቀበሩ?

የሜሪ ስቱዋርት ልጅ ጄምስ ወረሰ። ሄንሪ በኑዛዜው የዘለለው ዘር ማለት ነው። መጋቢት 24 ቀን 1603 ኤልሳቤጥ እንደሞተች ሮበርት ኬሪ የተባለ መኳንንት ፈረስ እየቀያየረ በሦስተኛው ቀን ሌሊት ኤዲንብራ ደርሶ ለጄምስ ነገረው።

ጄምስ እናቱን በ1612 ወደ ለንደን ዌስትሚንስተር አቢ አስመጣ። በሄንሪ 7ኛ ጸሎት ቤት በስተ ደቡብ ትልቅ መቃብር አሠራላት። ኤልሳቤጥ በስተ ሰሜን ናት። ከእሷ ሥር፣ በዚያው መቃብር፣ እህቷ ሜሪ አለች። የድንጋይ ምስል የተቀረጸው ለኤልሳቤጥ ብቻ ነው። የሜሪ ስሟ ጽሑፉ ላይ አለ፤ በመንግሥትም በመቃብርም ተጋሪዎች የሆኑ ሁለት እህቶች፣ ኤልሳቤጥና ሜሪ፣ ትንሣኤን ተስፋ አድርገው እዚህ ያርፋሉ ይላል።