መዋኘቱን ልተወው?

ጥያቄ፦ የአዳማ ነዋሪ ነኝ። በትንሿ የእግር ጣቴና በጎረቤቷ መካከል ቆዳዬ ነጥቶ ይላጣል፤ ያሳክከኛል። ፋርማሲ ፈንገስ ነው ተብዬ ክሎትሪማዞል ቅባት ከጀመርኩ አምስት ቀኔ ነው። በዚህ ሙቀት ቅዳሜ ቅዳሜ ሆቴል ሄጄ ካልዋኘሁ አያስችለኝም። ልተወው?

መልስ፦ ቆዳው ከተሰነጠቀ ወይም ፈሳሽ ካወጣ ይተዉት፤ በዚህ አልደራደርም። ካልሆነ ግን ከክሎሪኑ ውሃ ይልቅ የሚያሰጋኝ እርጥቡ ወለል ነው፤ ፈንገሱ የሚዛመተው ሰው ሻወር ቤቱንና የገንዳውን ዳር በባዶ እግሩ ሲረግጥ ነው። ነጠላ ጫማዎን ገንዳው አፍ ላይ እስኪደርሱ አያውልቁ። ፎጣዎን ለወንድምዎም ቢሆን አያውሱ። ሲወጡ የጣቶችዎን መሃል በደንብ አድርቀው ይቀቡ፤ ተቀብቶ ወዲያው መግባት ቅባቱን ለገንዳው መስጠት ነው። ማሳከኩ ቶሎ ቢተውዎትም እስከ 4 ሳምንት ይቀጥሉ። የስኳር ሕመም ካለብዎት ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው።