ጥያቄና መልስ፦ ሆስፒታሎችን ስናወዳድር ፓርኪንሰንን የት እናስገባው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የዳሌ ስብራት የሚያክሙ ሁለት ሆስፒታሎችን እያወዳደርን ነው። ሞት የሚበዛበት ሆስፒታል የፓርኪንሰን (ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥና እንቅስቃሴን የሚያዘገይ የነርቭ ሕመም) ታካሚዎችም ይበዙበታል። ተጓዳኝ ሕመሞችን በነጥብ በሚቆጥረው በቻርልሰን ኢንዴክስ የታካሚዎቹን የሕመም ልዩነት ብናስተካክል አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ቻርልሰን የመርሳት በሽታንና ስትሮክን ይቆጥራል፤ ፓርኪንሰንን አይቆጥርም። ኤሊክስሃውዘር የተባለው ሌላው የ1998 መለኪያ ደግሞ ከሚጥል በሽታ ጋር «ሌሎች የነርቭ ሕመሞች» ውስጥ ይጨምረዋል። ለብቻው አስገቡት። ግን ታካሚው ሆስፒታል ሲገባ የነበረበትን ብቻ!

ጥያቄ፦ በየትኛው ሶፍትዌር?

መልስ፦ በለመዳችሁት።

ጥያቄ፦ የሳንባ ምችንስ አብረን ብናስተካክል?

መልስ፦ ታካሚው ይዞት መጥቶ ከሆነ፣ አዎ። እዚያው ተኝቶ ከያዘው፣ በፍጹም። የፓርኪንሰን መድኃኒት የሆነው የሌቮዶፓ ኃይል በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ነርሷ «ከቀዶ ሕክምና በፊት ምንም አይውሰድ» ብላ ኪኒኑን ካስቀረችበት ሰውነቱ ይገተራል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ምራቁና ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባል። አቅለሸለሸው ተብሎ ሜቶክሎፕራማይድ፣ ተወራጨ ተብሎ ሃሎፔሪዶል ከተሰጠው ደግሞ ሁለቱም በፓርኪንሰን የሚጎድለውን ዶፓሚን የተባለ የአንጎል ኬሚካል ስለሚያግዱ ይብስበታል። ይህ የሆስፒታሉ ሥራ ውጤት ነው። በሞዴሉ ካስተካከላችሁት፣ ልትለኩት የተነሣችሁትን ጥፋት ራሳችሁ ሰረዛችሁት ማለት ነው።

አንድ አባል፦ ጂ20 የሚለው የፓርኪንሰን መመዝገቢያ ኮድ ግን ገና እጁ የሚንቀጠቀጠውንና አልጋ የያዘውን አይለይም። ሕመሙ ምን ያህል እንደገፋ የሚለካው የሆንና ያር ደረጃ ያስፈልጋል።

ሌላ አባል፦ ከየትኛው መዝገብ ልታገኘው? ብዙ ቦታ ፓርኪንሰን ራሱ አይጻፍም! ስብራቱን ጽፈው ያልፋሉ።

አንድ አባል፦ ስላልተጻፈ እንተወው ነው የምትለው?

መልስ፦ ከጥያቄው አትውጡ። ደረጃው ካለ ተጠቀሙበት፤ ከሌለ ከመግባቱ በፊት ራሱን ችሎ ይራመድ እንደነበር ፈልጉ። የአመዘጋገቡ ነገር ግን ከባድ ነው፦ ተጓዳኝ ሕመሞችን አሟልቶ የሚጽፍ ሆስፒታል በሞዴሉ ስሌት የሚጠበቅበት ሞት ከፍ ስለሚል፣ ሕክምናው ሳይሻል የተሻለ ይመስላል። የቀደሙ የሕክምና መዝገቦችንና የሌቮዶፓ ማዘዣዎችን አመሳክሩ።

ጥያቄ፦ የእኛ ሆስፒታል እንዴት ነው?

መልስ፦ ከማን ጋር? በየትኛው ሕክምና? በስንት ቀን ውስጥ በሚከሰት ሞት? እንዲህ ያለ ጥያቄ አይመለስም።

ጥያቄ፦ ዴሊሪየምንስ (ድንገተኛ የአእምሮ መቃወስን) እናስተካክል?

መልስ፦ ከላይ ስለ ሳንባ ምች የጻፍኩትን አንብቡ። ሲገባ የነበረበትን ብቻ።

ጥያቄ፦ መድኃኒቱ የተሰጠበት ሰዓት ተመዝግቦልናል። ምን እናድርገው?

መልስ፦ ይህን ነው የምፈልገው! ከታዘዘው ሰዓት በ30 ደቂቃ ውስጥ ስንቱ እንደተሰጠ አስሉና ሆስፒታሎቹን በእሱ ለብቻው አወዳድሩ። የሞት ማስተካከያው ውስጥ ግን አታስገቡት።